የሚነክሰው ማሽን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሐያት የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ገዛች። ከአዲስ አበባ በካርቶን ታሽጎ፣ በጭነት መኪና ተጭኖ፣ ቆቦ መናኸሪያ ጀርባ ካለው አዲሱ ቤቷ ድረስ መጣ። የሚገጥመው ልጅ የመሣሪያ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ ሲገባ እኔ ሳሎን ተቀምጬ ቴምር እየበላሁ ነበር። ካርቶኑ ተቀደደ፣ ነጩ ማሽን ወጣ፣ ከጀርባው ተጠቅልሎ የታሰረው ጥቁር ገመድ ተፈታ። ገመዱ ወለሉ ላይ ሲዘረጋ ሳየው ሳላስበው ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«ልጄ፣» አልኩት፣ «ይኼ ሶኬት የመሬት ሽቦ አለው?»

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «አለው እናቴ። ቤቱ ሲሠራ አብሮ ተዘርግቷል።»

«አይተኸዋል ወይስ ነግረውህ ነው?»

ሐያት ከጓዳ ሆና ሳቀች። «ተዋት ወንድሜ፣ እማ ከመብራት ሠራተኛ ጋር የቆየ ፀብ አላት» አለችው። እኔ ግን አልሳቅሁም። ልጁ ሶኬቱን በካቻቢቴ ፈትቶ፣ ከግድግዳው ውስጥ ያሉትን ሽቦዎች ለይቶ እስኪያሳየኝ ድረስ ከአጠገቡ አልተነቃነቅሁም። ሐያት የፀቡን ምንጭ አታውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ሶኬት ፊት ስቆም ለምን ፊቴ እንደሚለወጥ ጠይቃኝ፣ ዕቃ አጣቢ ሳለሁ መብራት ይዞኝ ነበር ብዬ አልፌዋለሁ። እውነት ነው፤ ግን ነገሩ መብራቱ ብቻ አልነበረም።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የጎብዬ ልጅ ነኝ። አባቴ ማሽላና ጤፍ የሚያርስ ገበሬ ነበር። ዝናብ ያነሰበት ዓመት ስለነበር፣ ከልጆቹ ታላቋ እኔ ሥራ ፍለጋ ቆቦ ገባሁና አስፋልቱ ዳር ካለው ከጋሼ ይመር ሆቴል ዕቃ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከደሴ ወደ መቀሌ፣ ከመቀሌ ወደ ደሴ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ እዚያ ይቆም ነበር። ከመኪናው ሲወርድ የራያ ሙቀት ፊቱን ይመታዋል፤ መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ ጥብስ ይላል።

ጋሼ ይመር ረዥም፣ ጠይም፣ ቁጣቸውና ቀልዳቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ወሎ ውስጥ ይመር የሚል ስም ብቻውን የሰውን ሃይማኖት አይናገርም። እሳቸው እስላም ነበሩ፤ እናታቸው ግን ክርስቲያን ነበሩ ይባላል። በዚህም ይሁን በገበያው ምክንያት፣ ሆቴሉ ሁለት ወጥ ቤት ነበረው፤ በግራ የእስላሙ፣ በቀኝ የክርስቲያኑ። ሥጋው ይለያል፣ ድስቱ ይለያል፣ ሳህኑም ይለያል። የእስላሙ ሳህን ጠርዙ ላይ አረንጓዴ መስመር ነበረው፣ የክርስቲያኑ ሰማያዊ። በመካከላቸው ያለችው የዕቃ ማጠቢያ ክፍል ግን አንዲት ብቻ ነበረች። በእሷ ውስጥ እኔ አረንጓዴውን አጥባለሁ፣ እትዬ ብርቄ ሰማያዊውን።

እትዬ ብርቄ ከደጋው፣ ከላስታ በኩል የመጣች፣ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ነበረች። እዚያ ቤት ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት ሠርታለች። ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተን፣ በየሳፋችን ላይ አጎንብሰን እንውላለን። እኔ መንዙማ ሳንጎራጉር ዝም ብላ ትሰማኛለች፤ እኔ ዝም ስል እሷ የሀገሯን ዜማ ትጀምራለች። ሳሙናው ሲያልቅ ከራሷ ሳፋ ትቀዳልኝ ነበር። ከሳህን የሚራገፈውን ትርፍራፊ በቆርቆሮ ታጠራቅማለች፤ ደህና ደህናውን በር ላይ ለሚጠብቁ ችግረኞች ትሰጣለች፣ የቀረውን ቤቷ ለምታደልባቸው በጎች ትወስዳለች። ጋሼ ይመር ያውቃሉ፤ አይተው ዝም ብለዋል።

ማሽላው እሸት በያዘበት፣ ልጆች ጥንቅሽ እያኘኩ በሚውሉበት ሰሞን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተዘጋ። የፈረንጆቹ ዕቃ በጨረታ ተሸጠ። ሌላው ነጋዴ አልጋና ቆርቆሮ ሲጫረት፣ ጋሼ ይመር ሁለት የብረት ማሽኖች ጭነው መጡ።

«ይኼ ሳህን ያጥባል» አሉ ትልቁን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። «ትንሹ ደግሞ ትርፍራፊ መፍጫ ነው። ከመታጠቢያው ሥር ይታሰርና የወደቀለትን ሁሉ ፈጭቶ ወደ ፍሳሽ ይለቃል።»

«እህል ተፈጭቶ ወደ ፍሳሽ?» አለች እትዬ ብርቄ። «ምነው ጋሼ! በራችን ላይ የተራበ ሰው ቆሞ?»

«ፈረንጅ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«እንግዲህ ፈረንጅ ይጠየቅበታ» አለችና ወደ ሳፋዋ ዞረች። እኔም ሌላ ነገር እያሰብኩ ስለነበር አላጽናናኋትም። ሳህን የሚያጥብ ማሽን ከመጣ፣ የእኛ እጅ ምን ይሠራል? ማታ ከሠራተኞቹ ክፍል ተኝቼ ይኼንኑ ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። ከሁለታችን አንዳችን መሄዳችን አይቀርም፤ የምትሄደው ደግሞ አዲሷ ናት።

ማሽኑን የገጠመው ሀብቴ ይባላል፤ የጋሼ ይመር የሚስታቸው እህት ልጅ ነው። የከተማውን ቤት ሁሉ መብራት የሚዘረጋ፣ ፈጣንና ሰው ወዳድ ወጣት ነበር። የማሽኑ ገመድ የአውራ ጣት ውፍረት ነበረው፤ ጫፉ ላይ ያለው ስፒና ደግሞ ትላልቅ ሦስት እግሮች ነበሩት። እሱን የሚቀበል ሶኬት ቆቦ ውስጥ አልነበረም። መፍጫው ጭራሽ ገመድ የለውም፤ ከሆዱ ሥር ባለች ቀዳዳ የሽቦ ጫፎች ብቻ ብቅ ብለዋል። ሀብቴ ሁለቱንም አየና «ሴቶች፣ ክፍሉን ልቀቁልኝ» ብሎ በሩን ዘጋ። ውጭ ቆመን የፒንሳ ድምፅ ሰማን። ተመልሰን ስንገባ ትልቁ ስፒና ተቆርጦ ወለሉ ላይ ወድቋል፣ በቦታው ባለሁለት እግር ትንሽ ስፒና ተቀጥሏል፣ መጋጠሚያው በጥቁር ናስትሮ ድብልብል ብሎ ተጠቅልሏል። ለመፍጫው ከደሴ ገመድ አስመጣለሁ ብሎ ጥግ ላይ አስቀመጠው።

ማሽኑ ሠራ። እንፋሎቱ ሲወጣና ሳህኑ ሲያብረቀርቅ ለማየት ጎረቤት ሁሉ ገባ። ተመጋቢው ግን ወዲያው ጠረጠረ። ጋሼ ይመር ጠዋት አረንጓዴው፣ ከሰዓት ሰማያዊው ይታጠብበት ብለው ሕግ አወጡ፤ ግን ማን ያምናል? አንድ የዋጃ ሾፌር ሳህኑን አንስቶ እንደ ሐብሐብ አገላብጦ አሸተተውና «ይኼ ከማን ጋር ነው ገላውን የታጠበው?» አለኝ። ክርስቲያኖቹም በበኩላቸው ያንኑ ይጠይቁ ነበር። ጋሼ ይመር ለሁሉም ወላሂ እያሉ ሲምሉ ይውላሉ።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ማሽኑ መንከስ ጀመረ።

መጀመሪያ የነከሰው እኔን ነው። የማጠቢያው ክፍል ወለል ሲሚንቶ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ውኃ አይለየውም፤ እንዳያንሸራትተን ሸበጣችንን አውልቀን ነበር የምንሠራው። በሩን ልከፍት እጀታውን ስነካ ከጣቴ እስከ ክርኔ ጉንዳን የወረረኝ መሰለኝ። ዝም አልኩ። ማሽኑን ጠልታ ነው እንዳይሉኝ ፈራሁ። ከቀናት በኋላ እትዬ ብርቄ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ከማሽኑ ሸሸች።

«ዘሀራ፣ ይኼ ነገር ይነክሳል። አንቺንስ?»

«እኔንም ነዘረኝ።»

አብረን ሄደን ለጋሼ ይመር ነገርናቸው። መጡና፣ ወፍራም የጎማ ሶል ባለው ጫማቸው ቆመው ማሽኑን በሁለት እጃቸው ያዙት። ምንም የለም። ሀብቴ ተጠራ፤ እሱም እንዲሁ በወፍራም ጫማው ቆሞ ዳበሰው። ምንም የለም።

«ሁለት ወንድ ያልነከሰ ሁለት ሴት ለይቶ ይነክሳል?» አሉ ጋሼ ይመር። ፊታቸው ላይ የነበረው ቀልድ አልነበረም። «ሥራችን ሊቀር ነው ብላችሁ እንደሆነ በግልጽ ንገሩኝ።»

የጫማ ነገር ለማንኛችንም አልታየንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያች ክፍል ውስጥ ሁሉም ሰው ሌላውን ሰው ይጠብቅ ጀመር። ጋሼ ይመር ድንገት በር ከፍተው ይገባሉ። አስተናጋጆቹ እኛ ስንገባ ወሬ ያቋርጣሉ። እኔ ጎብዬ ሄጄ ስመለስ እናቴ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ገዝታልኝ ነበር፤ ጥፍሬ በውኃ ተበላ ብላ አዝና ነው። እሱን አድርጌ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ማሽኑ ተወኝ። እትዬ ብርቄን ግን አልተዋትም።

«አንቺን ለምን አይነክስሽም?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

«እኔ ምን አውቄ? ምናልባት መስሎሽ ይሆናል።»

«እንግዲያ መስሎኝ ነው ጣቴን የሚያቃጥለኝ?» አለችና ወደ ሳፋዋ ዞረች። ከዚያ በኋላ ሳሙና መቀዳዳት ቀረ። ከወጥ ቤቶቹ አንዷ በጆሮዬ፣ ዘሀራ ከጎብዬ የሆነ ነገር አስደግማ መጥታለች ብላ ብርቄ ተናገረች አለችኝ። ተናግራ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። እኔም በልቤ፣ እትዬ ብርቄ መፍጫው ሳይገጠም ሁለቱንም ማሽኖች ለማስባረር የፈጠረችው ነው ማለት ጀመርኩ። ትርፍራፊዋን የሚወስድባት መፍጫው ነዋ! ዜማዋን ስሰማ እንኳ እኔን የምትነካካበት ግጥም እየመሰለኝ ጆሮዬን እቀስር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት የኮንጎዬ ማሰሪያ ተበጥሶ በባዶ እግሬ ገባሁ። ገበያ ቀን ስለነበር ሆቴሉ ጢም ብሏል። የታጠቡትን ሳህኖች በግራ እጄ ደረቴ ላይ ደርድሬ፣ በቀኜ የማሽኑን በር ልዘጋ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው መሬት ላይ መውደቄን ነው። ሳህኑ ሁሉ ተንኮታኩቷል፤ ክንዴ የእኔ አልመስል አለኝ፤ አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም ነበር። እትዬ ብርቄ በላዬ ላይ ጎንበስ ብላ «ዘሀራ! ዘሀራ! በስመአብ!» ትል ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል።

ጋሼ ይመር ያዩት ግን የተሰባበረውን ሳህን ነው። በሰው ፊት ተቆጡኝ። «ነዘረኝ» ብል፣ «ለምን ትናንት አልነዘረሽም? ለምን ከትናንት ወዲያ አልነዘረሽም?» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት የማሽኑ ገመድ ተቆርጦ ተገኘ።

ከመሬት ከፍ ብሎ፣ መካከሉ ላይ፣ በስለት ነው የተቆረጠው። ሀብቴ ጫፎቹን አገናኝቶ አየና «ይኼ አይጥ አይደለም፣ የሰው እጅ ነው» አለ። ሁሉም ሰው እኔን አየ። ትናንት የተቆጡት እኔን ነው፤ ማታ ግቢው ውስጥ የማድረው እኔ ነኝ፤ እትዬ ብርቄ የምታድረው ከልጆቿ ጋር ቤቷ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነበር።

«እኔ አይደለሁም፣ ወላሂ አይደለሁም!»

«በአላህ ስም አትጫወቺ» አሉኝ ጋሼ ይመር ዝቅ ባለ ድምፅ። ከቁጣቸው የበለጠ ያ ድምፅ አስፈራኝ። «የሚተካሽ ሰው እስካገኝ ሥሪ። ከዚያ ወደ አባትሽ ትሄጃለሽ።»

ወደ አባቴ መሄዱ አልነበረም የከበደኝ። ወሬው ነው የሚቀድመኝ። ከቆቦ ጎብዬ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ዘመድ የሌለው ሰው የለም። በዚያ ሰሞን ለእኔ ሽማግሌ ሊልኩ ያሰቡ ቤተሰቦች እንዳሉ እናቴ ሹክ ብላኝ ነበር፤ የቀጠራትን ሰው ንብረት የምታጠፋ ሴት ማን ቤቱ ያስገባል? አባቴስ መስጊድ በር ላይ ምን ብሎ ቀና ይላል?

እኔ ግን አንድ ያየሁት ነገር ነበር። በዚያ ጠዋት ገና ሳይነጋጋ የግቢው በር ሲንኳኳ ሰምቼ፣ ዘበኛው ሲከፍት በመስኮት አይቻለሁ። እትዬ ብርቄ ነበረች፤ ነጠላዋን እንደ ቤተ ክርስቲያን አጣፍታ። ከኪዳን መልስ ነው አለችው። እንደዚያ ማልዳ መጥታ አታውቅም። ከሰዓት ደግሞ የሽንኩርቱን ቢላዋ ሳጥብ ስለቱ መካከሉ ላይ ተጎርዶ አገኘሁት። ሽንኩርት ቢላዋ አይጎርድም።

ሰው እስኪወጣ ጠበቅሁና ቢላዋውን ፊቷ አኖርኩት። «እትዬ ብርቄ፣ ይኼ ቢላዋ ምን ነካው?»

አየችው። «አጥንት ቆርጠውበት ይሆናል።»

«ማን?»

«እኔ ዘበኛ ነኝ እንዴ ዘሀራ?» አለችና ሳፋዋን አንስታ ወጣች። ውኃው ግን እስከ በሩ ድረስ ተንጠባጠበ።

ያን ጊዜ እርግጠኛ ሆንኩ። ያደረገችው እሷ ናት፤ ያደረገችውም እኔን ለማስባረር ነው። ሥራው ለአንድ ሰው ከጠበበ፣ ያቺ አንዷ እሷ እንድትሆን። ለጋሼ ይመር ልናገር በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በዓይኔ አላየሁም፤ ባላየሁት ነገር የልጆች እናት ላይ ጣት መጠቆም ከበደኝ። ሀብቴ ገመዱን እንደገና ቀጥሎ በናስትሮ ጠቀለለው፤ ማሽኑም ሥራውን ቀጠለ፤ እኛም በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ትከሻችን እንዳይነካካ እየተጠነቀቅን እንሠራ ጀመር።

የምትተካኝ ልጅ ሰኞ ትመጣለች ተባለ። ዓርብ ዕለት ሙቀቱ የአስፋልቱን ሬንጅ ያቀልጥ ነበር። በከተማው ውኃ ከጠፋ ቀን አልፎት፣ የግቢው ቧንቧ ደርቆ፣ የቀረው በማጠቢያው ክፍል በርሜል ያስቀመጥነው ብቻ ነው። የጁምዓ ሰዓት ሲቃረብ ጋሼ ይመር ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ጠቅልለው፣ ለሶላት ሊተጣጠቡ ጣሳ ይዘው ገቡ። እኔን አላዩኝም፤ በዚያ ሰሞን አያዩኝም ነበር።

እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን ታጠቡ። እግራቸውን ሊታጠቡ አንዱን አነሡና እንዳይወድቁ በግራ እጃቸው ማሽኑን ተደገፉ።

ድምፃቸው የሰው ድምፅ አልነበረም። ጣሳው ወደቀ። እጃቸው ማሽኑ ላይ ተጣብቆ ሰውነታቸው ይርገፈገፋል፤ ዓይናቸው ወደ ላይ ተገልብጧል። እኔ በድንጋጤ ወደሳቸው ስሮጥ እትዬ ብርቄ «እንዳትነኪያቸው! ሶኬቱን! ሶኬቱን ንቀዪ!» ብላ ጮኸች። ስፒናው ከበሩ አጠገብ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ዘልዬ ነቀልኩት። እሷ ከወጥ ቤቱ ዘነዘናውን አምጥታ ክንዳቸውን ከማሽኑ ላይ መትታ አላቀቀችው። የትኛችን እንደቀደምን አላውቅም። ጋሼ ይመር እንደ ተቆረጠ ግንድ ወለሉ ላይ ወደቁ።

ሰው ተሰበሰበ። ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ አስተኛናቸው። ከንፈራቸው ሸሃዳ እያለ ይንቀሳቀስ ነበር። በኋላ ጣታቸውን አነሡ፣ አጠፉ፣ ዘረጉ። ከዚያ እኛን አዩን።

«ይነክሳል ብላችሁኝ ነበር» አሉ።

እትዬ ብርቄ ዘነዘናውን እንደያዘች ቆማ ነበር። ግድግዳው ላይ አስደግፋው፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በሁሉም ሰው ፊት እንዲህ አለች፦

«ጋሼ፣ ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ዘሀራ አይደለችም።»

አውቄ ነበር! ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት እሷ ቀጠለች።

«ያን ቀን ይቺ ልጅ ስትወድቅ አይቻታለሁ። የሞተች መስሎኝ ነበር። ብናገር አያምኑኝም፤ ተናግረን አላመኑንም። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ነገ ወይ እሷን ወይ እኔን ይገድላል፤ እኔን ከገደለ ልጆቼን ማን ያሳድጋል? እሱ ቀድሞ ይሙት ብዬ ቆረጥኩት።»

«ታዲያ ስትባረር ምነው ዝም አልሽ?» አሉ ጋሼ ይመር።

እትዬ ብርቄ አንገቷን ደፋች። «ዛሬ እናገራለሁ ስል፣ ነገ እናገራለሁ ስል። የልጆቼ ጉሮሮ ነው ያሰረኝ። እስከ ሰኞ ጊዜ አለኝ እያልኩ ራሴን አታለልኩት።»

ጋሼ ይመር አልተቆጡም። ለመቆጣትም አቅም አልነበራቸውም። በማግስቱ ከአላማጣ ሌላ ባለሙያ አስመጡ። ሰውዬው የሀብቴን ናስትሮ ፈታ። ገመዱ ውስጥ ሦስት ሽቦ ነበር፤ ሁለቱ ተቀጥለዋል፣ ቢጫና አረንጓዴው ግን ወደ ኋላ ታጥፎ እዚያው ተቀብሯል። ሀብቴ ላብ እያጠመቀው «ስፒናው ሁለት እግር ስለሆነ እሱ ትርፍ መስሎኝ ነው» አለ። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ደግሞ የአንዱ ሽቦ ልባስ ተፍቆ ከብረቱ ገላ ጋር ይነካካ ነበር። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ መሬት ቢገባ ኖሮ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ይዞት ይወርድ ነበር፤ ስለታጠፈ ግን ማሽኑን በባዶ እግሩ ቆሞ የነካ ሰው ሁሉ ራሱ ሽቦ ሆነ። የላስቲክ ኮንጎዬና የወንዶቹ ወፍራም ሶል ነገር ያኔ ገባን። ባለሙያው የተፋቀውን ሽቦ ለውጦ፣ ግቢው ውስጥ የብረት ዘንግ ቀብሮ አስተካከለው። ያም ሆኖ ማንም ሊጠጋው አልፈለገም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱም ማሽኖች፣ መፍጫውም ገመድ ሳያገኝ፣ ተሸጡ።

በቀጣዩ ዓርብ ጋሼ ይመር ክንዳቸው እንደታሰረ በሚኒባስ ጎብዬ ወረዱ። ሄደው የሰገዱት አባቴ ከሚሰግድበት መስጊድ ነው። ሰው ሲወጣ በሩ ላይ አባቴን አቅፈው፣ ሁሉም እየሰማ «ልጅህን ባልሠራችው ነገር ጠርጥሬ ስሟን አጥፍቻለሁ፤ ሕይወቴን ያተረፉት እሷና ጓደኛዋ ናቸው፤ አውፍ በለኝ» አሉት። ይኼን የነገረኝ አባቴ ነው። ሽማግሌዎቹም መጡ፤ የሐያት አባት የተገኘው በዚያ ነው።

ከእትዬ ብርቄ ጋር ግን ቶሎ አልታረቅንም። ሁለታችንም ሥራችን ላይ ቀረን፤ እንደ ቀድሞው ጀርባና ጀርባ። ከሞት ልታድነኝ ፈልጋ የሠራችው ሥራ እኔን ሊቀብረኝ ነበር። አንዱን ሳስብ ላቅፋት፣ ሌላውን ሳስብ ውኃውን ልደፋባት ያምረኛል። የሠርጌ ቀን ሲቆረጥ ሥራ ለቀቅሁ። የመጨረሻው ቀን ከሳፋዬ ቀና ስል እሷም ቀና ብላ ታየኛለች።

«ዘሀራ፣ እንደተቀየምሽኝ ልትሄጂ ነው?»

«ትናገሪ ነበር? ሰኞ ሳይደርስ፣ እውነት ትናገሪ ነበር?»

ብዙ አሰበች። እናገር ነበር ብትለኝ አላምናትም ነበር።

«አላውቅም» አለች። «እላለሁ ብዬ አስብ ነበር። ግን አላውቅም።»

ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያ መልስ አስለቀሰኝ። እጃችን በሳሙና እንደራሰ ተቃቀፍን።

አሁን ያ ሁሉ አልፎ ሰው ሰውን ከዚያ ይበልጥ የተጠራጠረበትን ዘመንም አይተናል። ጎረቤት ጎረቤቱን በመስኮት አጮልቆ ያየበትን፣ ማን ምን አለ የተባለበትን ጊዜ። በዚያ ሁሉ መካከል እኔ ደጋግሜ የማስበው ያችን ቢላዋ ነው። ጥርጣሬዬ ሙሉ በሙሉ ስህተት ቢሆን ኖሮ አፍሬበት እረሳው ነበር። ግን ልክ ነበርኩ፤ የቆረጠችው እሷ ናት። ማን እንደሠራው አውቄ፣ ለምን እንደሠራችው ግን ከልቤ ክፋት ነው ያመጣሁት። ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ ሰው እርግጠኛ ስሆን ወዲያው ልቤ ይፈራል፤ የቀረውን ግማሽ ማን ነገረሽ እላለሁ ለራሴ።

የሐያት ማሽን ሥራ ሲጀምር ልጆቿ አጨበጨቡ። እኔ ስልኬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። እትዬ ብርቄ አሁን አርጅታ ዋጃ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ጆሮዋ ደከም ስላለ ለረዥም ጊዜ ጠርቶ ነው የተነሣው።

«ዘሀራ? ምነው በደህናሽ ነው? ምን ሆነሽ ነው በዚህ ሰዓት?»

«ምንም አልሆንኩ። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

«ትዋሻለሽ» አለችኝ። «ንገሪኝ፣ ምን ሆነሻል?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ነገርኳት።